የመጨረሻዋ ሳምቡሳ

እኔ ናዒማ ስናደድ አላምርም። ይህን ጅቡቲ፣ ካርቲዬ ሁለት ገበያ ከእኔ ጨርቅ ሊገዛ የመጣ ሁሉ ያውቀዋል። ዋጋ ጠይቆ፣ ጣቃውን ሁሉ አስፈትቶ፣ "እስቲ ዞር ዞር ልበል" የሚለኝን ሰው በሶማሊኛም በዓረብኛም እሸኘዋለሁ፤ ካልበቃው ከድሬዳዋ ይዤው የመጣሁት አማርኛ አለ። ከውሰር የመጣች ቀን ግን ማልኩ። በዚህች ልጅ ፊት ድምፅሽ ከፍ እንዳይል፣ እጅሽ እንዳይፈጥን ብዬ ራሴን አስጠነቀቅኩ።

ከውሰር የባሌ የዓብዱሰመድ ልጅ ናት። እናቷ፣ አላህ ይማራት፣ በአራት ዓመቷ ጥላት ሞተች። አክስቷ ድሬዳዋ ወስዳ አሳደገቻት፤ አሁን አሥራ አራት ሞልቷታል። አክስትየዋ በስልክ የነገረችን ነገር አጭር ነበር። "ለክረምቱ እረፍት ትምጣና ሦስት ሳምንት ትያችሁ። ከተስማማት እዚያው አባቷ ጋ ትኑር፣ ትማር። ካልተስማማት ሳታስጨንቋት በባቡሩ መልሱልኝ።" ናጋድ ባቡር ጣቢያ ልንቀበላት ቆመን ሳለ ባሌ ወደ እኔ ዞረ። "ናዒማ፣ ይህቺ ልጅ ከተመለሰች ሁለተኛ አባት አልሆናትም" አለኝ። አንጀቴን በላው።

እውነቱን ልናገር፤ እኔን መጀመሪያ ያስጨነቀኝ ስሜ ነው። ልጅቷ ብትመለስ ሰው ምን ይላል? "የእንጀራ እናቷ አባረረቻት" ነው እንጂ ሌላ ምን ይላል! ስለዚህ ተንከባከብኳት። የአየር ማቀዝቀዣ ያለበትን አንድ ክፍላችንን ለቀንላት እኛ ጣሪያው ላይ ተኛን። ዓሣ ሲቀርብ ወፍራሙ ቁራጭ የእሷ ነው። ሳህን ላንሳ ካለች "ኧረ በአላህ፣ ቁጭ በይ!" ነው። የስምንት ዓመቷን ልጄን ውዳድን ቀኑን ሙሉ እቆጣታለሁ፤ ከውሰርን ግን ዝንብ እንኳ እንዳያርፍባት ነው የምጠብቃት። እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ ሲሰነብት ብረት ይላሉ። የእኛዋ ሦስት ሳምንት ሙሉ ወርቅ እንደሆነች ቀረች።

እሷ ደግሞ ጨዋ፣ ድምፅ የላት። "አላህ ይስጥልኝ፣ ጠግቤያለሁ።" "እርስዎ ይቀመጡ።" አቦ፣ እርስዎ! ድሬ ያደገች ልጅ፣ ሽማግሌውን ሁሉ አንተ እያለ የሚያድር አገር ልጅ፣ እኔን እርስዎ ትለኛለች! ዓሣዋን ግማሹን ትታ ትነሳና ክፍሏ ገብታ በሯን ቀስ ብላ ትዘጋለች። አንድ ቀን ሱቅ ይዣት ሄድኩ። ለዙህር ሶላት ገባ ብዬ ስመለስ፣ ተደበላልቆ የኖረውን ጨርቄን በየቀለሙ ደርድራው ቆየችኝ። ስታየኝ እንደ ሌባ ደነገጠች፤ "ይቅርታ፣ ሳልጠይቅዎ ነካሁት" አለች። ያን ቀን ስሜንም የሰው አፍንም ረሳሁት። ልጅቷን ወደድኳት፤ እንድትቀርልኝ ፈለግኩ።

እንዲህ እንዲህ እያለ የመጨረሻው ሳምንት ገባ። ባቡሯ ቅዳሜ ነው። ረቡዕ ዕለት ጓደኛዬ ዓይናለም ሱቄ መጣች፤ ሀራሙስ በሚባለው የሀብታም ሰፈር ፈረንጆች ቤት እያደረች የምትሠራ ልጅ ናት። አንድ ካርቶን ባንኮዬ ላይ አስቀመጠች።

"እመቤቴ ወደ አገሯ ልትገባ ዕቃ እያደለች ነው" አለችኝ። "ይሄ የምግብ ጨዋታ ነው። ከነልጆቿ ከበው ሲጫወቱት ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። ውሰጂው፣ ምናልባት የዚያችን ልጅ አፍ ይከፍተው ይሆናል።"

ሐሙስ ባሌ የከሰዓት የጫት በርጫውን ትቶ ቤት ዋለ። ሐሙስ በርጫ የተወ የጅቡቲ ሰው አይቼ አላውቅም፤ እኔም ሰውዬው በሐሳብ አለቀለት አልኩ። ከመግሪብ በኋላ ምንጣፉ ላይ አራታችን ተቀመጥን። ሕጉ የተጻፈው በፈረንሳይኛ ስለሆነ ውዳድ አነበበችልን። ለእያንዳንዱ ሰው ዘጠኝ ቤት ያላት የካርቶን ትሪና አንድ ካርድ ይሰጣል። ዳቦ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ቲማቲም፣ ወይን የተሳለባቸው ቁርጥራጮች መሃል ይዘረጋሉ። ሁሉም ካርዱን ገልጦ ፊቱ ያስቀምጣል፤ ካርዱ የትኛው ምግብ የት ቤት እንደሚገባ ያሳያል። በየተራ አንዳንድ ምግብ እያነሱ መደርደር ነው። ትሪውን እንደ ካርዱ ቀድሞ የሞላ አሸነፈ። ሌላው የሚፈልገውን እያዩ ቀድሞ ማንሳትም ይቻላል፤ ሞያውም እሱ ነው።

"ይሄ ቀዩስ ምንድን ነው?" አለ ባሌ አንዷን አንስቶ።

ውዳድ ወረቀቱን አየች። "ጃምቦን ይላል። የአሳማ ሥጋ።"

ባሌ እንደ ፍም ወረወራት። እኔ "ካርቶን እኮ ነው!" ብለው፣ "ካርቶንም ቢሆን ትሪዬ ላይ አላስቀምጥም!" አለ። በዚህ መሃል ከውሰር ቀስ ብላ "ወረቀት ካለ ልለጥፍባቸው?" አለች። ከመጣች አንድ ነገር ስትጠይቅ መጀመሪያዋ ነው። ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠናት። በአራቱም የአሳማ ቁራጮች ላይ ወረቀት ለጥፋ ሳምቡሳ ሳለችባቸው፤ የሊጡን እጥፋት እንኳ አልረሳችም፣ ማሻአላህ። ተስፋ አደረግኩ።

ከዚያ ጨዋታው ተጀመረ፤ እኛም ጉዳችንን ጀመርን። እኛ ቤት እንግዳ ፊት ያለውን ጥሩ ቁራጭ መንካት ነውር ነው፤ ወደ እሱ መግፋት እንጂ። ይህን ካርቶኑም ላይ አደረግነው። ባሌ ቲማቲም እየፈለገ፣ ለከውሰር ይቅርላት ብሎ የማይፈልገውን እንቁላል ያነሳል። እኔ ዳቦውን ትቼ ወይን እለቅማለሁ። ውዳድ እጇን ወደ ዓሣው ስትሰድ ጉልበቷን ቆነጠጥኳት። ከውሰር አሸነፈች። አጨበጨብንላት። "አላህ ይስጥልኝ" አለች። በሁለተኛውም አሸነፈች።

"ግን እማዬ፣ ያ ዳቦ እኮ ለእኔ ነበር የሚያስፈልገው" አለች ውዳድ።

"ዝም በይ አንቺ!" አልኳት።

ከውሰር እሷንም እኔንም አየችን። ፊቷ ላይ ያሸነፈ ሰው ደስታ የለም። "ደክሞኛል፣ ከፈቀዱልኝ ልተኛ" አለች። ባሌ ዓይኑን ምንጣፉ ላይ ተክሎ፣ "እንግዲህ ትኬትሽን ነገ ልቁረጥልሽ?" አላት። "እሺ፣ አባባ" አለች። በቃ፣ ይኸው ነው። ሦስት ሳምንት በአንዲት እሺ አለቀ።

ቆሽቴ አረረ። በባሌ ተናደድኩ፣ በሙቀቱ ተናደድኩ፣ ከሁሉ በላይ ምን እንዳጠፋሁ ባለማወቄ ተናደድኩ። "ቁጭ በይ፣ አንድ ዙር ብቻ!" አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። ልጅቷ ተቀመጠች።

ሦስተኛው ላይ የሆንኩትን አላውቅም። ስናደድ ገበያ ያለሁ ነው የሚመስለኝ፤ እንግዳ የለ፣ ይሉኝታ የለ። ዳቦ አነሳሁ፣ ዓሣ አነሳሁ፣ ባሌን ከቲማቲሙ ቀደምኩት። ከውሰርም ትሪዋ ላይ ጎንበስ አለች። በመጨረሻ የሁለታችንም ትሪ አንድ አንድ ቤት ብቻ ቀረው፤ ሁለታችንም የምንፈልገው ሳምቡሳ ነው፤ መሃል ላይ አንዲት ሳምቡሳ ቀርታለች፤ ተራው ደግሞ የእኔ ነው። ላፍ አድርጌ ትሪዬ ላይ ጧ!

"ጨረስኩ!" ብዬ ጮህኩ። እልልም ያልኩ ይመስለኛል፣ አላህ ይቅር ይበለኝ።

ውዳድ አፏን በእጇ ያዘች። ያኔ ነው የሠራሁት የገባኝ። ባሌ ክው ብሎ፣ "ናዒማ! ከልጅቷ አፍ ትነጥቂያለሽ?" አለና ሳምቡሳዋን ከትሪዬ ላይ አንስቶ ለከውሰር ዘረጋላት። "እንኪ ልጄ፣ አንቺ ነሽ ያሸነፍሽው።"

ከውሰር እጁን ገፋችው። ፊቷ ቲማቲም መስሏል።

"ተወው አባባ! መልስላት!" ብላ ጮኸች። እኔ ድምፅ የላትም ያልኳት ልጅ፣ ጎረቤት እስኪሰማ! ወደ እኔ ዞረች። "ደግሞ አንቺ! ሳምቡሳዋን የሳልኳት እኔ ነኝ!"

"ስትስያት ስምሽን ጽፈሽባታል?" አልኳት። ምን ላድርግ፣ አፌ ቀደመኝ።

አፍጥጣ አየችኝ። ከዚያ ሳቀች፤ ሳቁ መሃል ላይ ለቅሶ ሆነባት። "ሦስት ሳምንት አንድ ሳህን አላጠብኩም" አለች እንባዋን እየጠረገች። "ውዳድን ትቆጫታለሽ፣ እኔን አትቆጪኝም። እሷ ስታጠፋ ትቆነጠጣለች፣ እኔ ሳጠፋ ይቅርታ ትጠይቁኛላችሁ። አክስቴ ቤት እኮ ካርታ ስንጫወት በጥፊ ነው የምንማታው! እዚህ የመጣሁት አባቴ ጋ ነው ወይስ ሆቴል?"

ባሌ ሳምቡሳዋን እንደያዘ ቀረ። እኔ አቅፌ ላባብላት እጄን ዘርግቼ ነበር፤ ከዚያ ደግሞ አይሆንም አልኩ፣ ማባበሉ ነው የጎዳን። ሳምቡሳዋን ከባሌ እጅ ነጥቄ ትሪዬ ላይ መለስኳት።

"አሸንፌሻለሁ" አልኳት። "ሙሾ ማውረዱን ተይና አዘጋጂ፤ ተሸናፊ ነው የሚያዘጋጀው።"

"እንዲህ የሚል ሕግ የለም" አለች ውዳድ ወረቀቷን እያገላበጠች።

"አሁን ወጣ!"

ከውሰር አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገችና ካርቶኖቹን ሰብስባ መበወዝ ጀመረች። በዚያኛው ዙር ማንም ለማንም አላዘነም። ባሌ የእኔን ዓሣ ወሰደ፣ ውዳድ የአባቷን እንቁላል ቀማች፣ ከውሰር ሁለት ጊዜ የምፈልገውን ቀድማ አንስታ ዘጋችብኝ። ግን ገበያ ሃያ ዓመት የቆየ ሰው በዋዛ አይሸነፍም፤ በአንዲት ዳቦ ቀደምኳት። ወለሉን በጡጫ መታችው።

"ድገሚ!" አለች።

ባሌ ጉሮሮውን ጠረገ። ፈራ ተባ እያለ፣ "ከውሰርዬ፣ የትኬቱን ነገር… ነገ ሳልሄድ…" አለ።

ከውሰር ቀና ብላ እንኳ አላየችውም፤ ዓይኗ ቁርጥራጮቹ ላይ ነው። "ይህቺን ሴትዮ ሳላሸንፍ የት እሄዳለሁ?" አለችው።

ባሌ ፊቱን በሽርጡ ጫፍ ሸፈነ። እኔ ደግሞ ወላሂ፣ ለዚያች ልጅ ዕድሜ ልኬን እንዳልሸነፍላት ምዬ ካርዴን ገለጥኩ።