የኋላ ወንበር

“ጣቶችሽ ብቻ ናቸው መሬት የነኩት፣ እህቴ” አለ ሻጩ። “ተረከዝሽ የት ሄደ?”

ሴትየዋ ቀዩ ሞተር ላይ እንደተቀመጠች ጎንበስ ብላ አየች። እውነቱን ነበር፤ ሁለቱም ተረከዞቿ ከመሬት ተነስተዋል። ወዲያው ሞተሩ ወደ ግራ ዘመም አለባትና ሻጩ መሪውን ባይዝላት ኖሮ አብረው ይዘረጉ ነበር።

“ይለመዳል” አለ ባሏ።

ባልየው ከግቢው በር አጠገብ፣ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ከዘራውን ጉልበቶቹ መሃል አቁሞ ተቀምጧል። ሻጩ ዞር ብሎ አየው፤ የሰማውን ለማመን ያቃተው ይመስላል። ያገለገሉ ሞተሮች በሚሸጡበት በዚህ ግቢ ጀማሪ ገዢ በመጣ ቁጥር “ንፋስን ጥሩልኝ” ይባል የነበረው ለዚህ ሰው ነው። ንፋስ ያሉት የመድኃኒት ቤት ሰዎች ናቸው፤ ስልኩን ሳይዘጉት ካርቶኑን ይዞ በር ላይ ይደርስ ስለነበር። ዛሬ ከአልጋው እስከ በሩ ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ ያኔ ግማሽ ከተማ ያስኬደው ነበር። ቅጽል ስም ግን ጡረታ አይወጣም፤ አሁንም ንፋስ ነው።

ንፋስ ለጀማሪ ሁሉ የሚናገራትን ምክር ሻጩ በቃሉ ያውቃታል። ሁለቱም እግሮችህ ሙሉ በሙሉ መሬት ይርገጡ። የወደቀውን ሞተር ብቻህን ካላነሳኸው ያንተ አይደለም፣ ተወው። ለስድስት ወር ደግሞ ከኋላህ ማንም አይቀመጥ፤ ሰው ዕቃ አይደለም፣ ይፈራል፣ ይንቀሳቀሳል፣ ይዞህ ይወድቃል። ስንቱ ጎረምሳ በዚህ ንግግር ተበሳጭቶ፣ የተመኘውን ትልቅ ሞተር ትቶ ትንሹን ይዞ ሄዷል።

“ግራጫው ላይ እኮ እግሯ ሙሉ በሙሉ ረግጦ ነበር” አለ ሻጩ። “ቤቷ የገባች ነው የመሰለችው። አንተው ነህ ያስወረድካት።”

“መስታወቱ ይንቀጠቀጣል።”

“መስታወቱን አጠብቅልሃለሁ አልኩህ።”

“ድምፁም ደስ አላለኝም። ደግሞ ወንበሩ አጭር ነው።”

ሻጩ ትከሻውን ሰበቀ። “ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ዛሬ ምን እንደነካህ እኔ እንጃ።”

የነካውን ንፋስ ያውቃል። የማይናገረው ግን ለሰው ቀርቶ ለራሱም መናገር ስለሚያፍር ነው።

አሥራ ሦስት ዓመት የአንድ መድኃኒት አከፋፋይ ሞተረኛ ነበር። ሚስቱ እዚያው መጋዘን ውስጥ ካርቶን ታሽጋለች። ማታ ማታ ሥራ ሲያልቅ ከኋላው ትቀመጥና አገጯን ግራ ትከሻው ላይ አስደግፋ ወደ ቤት ይሄዳሉ። ከዚያ ባለፈው ዓመት የቀኝ እጁ ጣቶች ፍሬን መጭመቅ እምቢ አሉ። ቀጥሎ እግሩ። የራሱ ሞተር ለሕክምናው ተሸጠ። ሥራ አስኪያጁ ሰውነት አልጎደለውምና ሚስቱን ጠርቶ፣ “ሰኞ ጠዋት ሞተር ይዘሽ ከመጣሽ የባልሽ መስመር ያንቺ ነው፤ ከዚያ በላይ ግን ልጠብቅ አልችልም” አላት። በካርቶን ማሸጊያ ደሞዝ ብቻ ቤት ኪራዩም የልጃቸው ትምህርት ቤትም እንደማይቻል ሁለቱም ያውቃሉ። እሷም ሁለት ወር ተምራ መንጃ ፈቃዷን አወጣች። ዛሬ ቅዳሜ ነው።

ከአሥራ አምስት ቀን በፊት ሐኪሙ ሁለቱንም አስቀምጦ፣ ዓመቱ ሳያልቅ ወገቡ ራሱን ችሎ መቀመጥ እንደሚያቅተው ነገራቸው። ዓመቱ ሊያልቅ አምስት ወር ቀርቶታል። ደረጃውን ሲወርዱ እሷ ክንዱን ይዛ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህም ያንን ነገር ያነሳ የለም።

ንፋስ ግን ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለው አንዲት ምኞት ያዘችው። መቀመጥ እስከቻለ ድረስ ከሚስቱ ኋላ ተቀምጦ መስመሩን እንደገና ማየት፤ አቋራጮቹን በጣቱ እያሳያት፣ ከየመድኃኒት ቤቱ ሰው ጋር ሰላም እየተባባለ፣ አገጩን ትከሻዋ ላይ አድርጎ። ለዚህ ደግሞ ረጅም ወንበር ያስፈልጋል። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ፤ እሱም ከረጅሙ ወንበር ጋር የመጣውን ከባድ ሞተር ለጀማሪ ሚስቱ ሊያጋባት ተነሳ።

“እሺ” አለ ሻጩ በመጨረሻ። “ያንተው ሕግ ይፍረደን። ቀዩን ላስተኛውና ታንሳው። ካነሳችው አፌን እዘጋለሁ።”

አሮጌ ጎማ መሬት ላይ አነጠፈና ሞተሩን በጎኑ ቀስ አድርጎ አጋደመው። ሴትየዋ ጃኬቷን አውልቃ ለባሏ ሰጠችው። ሞተሩን ዞራ አየችው፤ ጀርባዋን ሰጠችው፤ ጉልበቷን አጥፋ ቁጢጥ አለችና አንድ እጇን መሪው ላይ፣ ሌላውን ከወንበሩ ሥር ካለው ብረት ላይ አደረገች። ፊቷ ወደ ባሏ ነበር፤ ዓይኗን ግን ጨፍናለች።

“አይዞህ” አለች በለሆሳስ። “ያዝ። መጣን። አንድ፣ ሁለት…”

ሻጩ ሳቅ አለ። “ከብረት ጋር ታወራለች እንዴ?”

ንፋስ አልሳቀም። እነዚያን ቃላት ያውቃቸዋል። ማክሰኞ ዕለት መታጠቢያ ቤት ውስጥ፣ በበሩና በገንዳው መሃል ወድቆ ሳለ፣ ልክ እንደዚህ ነበር ያለችው። አይዞህ፣ ያዝ፣ መጣን። ከዚያ በፊትም ሐሙስ፣ አልጋው ሥር። ስታነሳው ሁልጊዜ ከጀርባው ሆና፣ እጆቿን በብብቱ ሥር አሳልፋ ነው፤ ስለዚህ ፊቷን አንድም ቀን አይቶት አያውቅም። ድምፅዋ ረጋ ያለ ስለሆነ ብዙም የማይከብዳት መስሎት ኖሯል። እንዲያውም አንድ ቀን፣ “ቀለል ብያለሁ መሰለኝ” ብሎ ቀልዶባት ነበር፤ እሷም፣ “እንደ ላባ” ብላዋለች።

አሁን ፊቷን አየው። የታችኛውን ከንፈሯን ነክሳዋለች። የአንገቷ ሥር ተገትሮ ጭንቅላቷ ይንቀጠቀጣል። ግንባሯ ላይ እሱ የማያውቀው፣ ቀጥ ብሎ የወረደ መስመር ወጥቷል። እግሮቿ ሞተሩን በጀርባዋ እየገፉ በትንሽ በትንሹ ወደ ኋላ ሄዱ። ቀዩ ሞተር መጀመሪያ እምቢ አለ፣ ቀጥሎ ተነሳ፣ ቀጥሎ ቆመ። እሷም መቆሚያውን በእግሯ አውርዳ ዓይኗን ገለጠችና ወዲያው ፈገግ አለች። ፊቷ በአንድ አፍታ እንደ ሁልጊዜው ሆነ። እንዲህ ፊቷን መልሳ ለመሰብሰብ ስንት ቀን ብትለማመደው ነው?

“አፌን ዘጋሁ” አለ ሻጩ። “ይህን ሞተር እንዲህ ያነሳ ሰው በዚህ ግቢ አይቼ አላውቅም። ማን አስተማረሽ?”

“ቤት ውስጥ ዕቃ አነሳለሁ” አለች እጇን እያራገፈች።

ዕቃ። ንፋስ ዓይኑን ወደ ከዘራው መለሰ። በሰው ፊት እንዳያፍር ብላ የዋሸችው መሆኑ ገብቶታል፤ ሳትዋሽ ብትቀር ኖሮ ይሻለው እንደነበር ግን እርግጠኛ አልነበረም።

የሻጩ ስልክ ጮኸና እያወራ ወደ ጓዳው ገባ። እሷ ሌላ የፕላስቲክ ወንበር ስባ ከባሏ አጠገብ ተቀመጠች። ጃኬቷን ከጭኑ ላይ አንስታ ስትለብስ የሸሚዙን የላይኛውን ቁልፍ አየችና፣ ሳይጠይቃት እጇን ሰዳ ቆለፈችለት። ጠዋት ጠዋትም እንዲሁ ናት፤ ጣቶቹ ገና ቁልፉን ሲፈልጉ ትቀድማቸዋለች።

“የወደድሽው ግራጫውን ነበር” አላት።

“አንተ ደግሞ ቀዩን ወደድክ።”

“እኔ የወደድኩት ወንበሩን ነው።”

“አውቃለሁ።”

ቀና ብሎ አያት። “ከመቼ ጀምሮ?”

“ወንበሩ አጭር ነው ስትል። የመድኃኒት ካርቶን ረጅም ወንበር ምን ያደርግለታል?” የጃኬቷን እጅጌ ወደ ታች ሳበች። “እኔም እኮ አስቤዋለሁ። የማላስብ መሰለህ? ስልጠና ላይ እያለሁ ሁልጊዜ ከኋላዬ አስቀምጥህ ነበር፤ በሐሳቤ።”

ዓይኑ እንባ ሲያቀርር ወደ ሞተሮቹ ዞረ።

“ታዲያ እንውሰደው” አለች። “ከፍታውን እለምደዋለሁ። ዛሬ አንተም ውጣና እስከ ቤት እንሂድ። በእግር እንደሚሄድ ሰው ቀስ እላለሁ።”

“ስድስት ወር ነው የሚባለው።”

“ሕጉን ያወጣኸው አንተ አይደለህ? አንተው ሻረው። ለእኔ ስትል። አፈር ስሆን።”

ሕጉን ያወጣው እሱ ነው፤ ነገር ግን ከኪሱ አላወጣውም። ሞተር በጀመረ በሦስተኛ ሳምንቱ ታናሽ ወንድሙን ከኋላው ጭኖ ነበር። መታጠፊያ ላይ ወንድምየው ፈርቶ በተቃራኒው አጋደለና አብረው ወደቁ። የወንድምየው ጉልበት ዛሬም ብርድ በመጣ ቁጥር ይነዘንዘዋል፤ ታላቁን ግን አንድም ቀን አልወቀሰም፤ ለንፋስ የከበደው ይኸው አለመውቀሱ ነው። ያ ወንድሙ ደግሞ ጤነኛ ሰው ነበር፤ ያዝ ሲባል የሚይዝ፣ ቀጥ በል ሲባል ቀጥ የሚል። የንፋስ ሰውነት ግን አሁን ማንንም አይሰማም፤ ባለቤቱን እንኳ። ስድስት ወር ከጠበቁ ደግሞ የሚቀመጥ ሰው አይኖርም። ስለዚህ ዛሬ እምቢ ካለ እምቢታው ለዘለዓለም መሆኑን ያውቃል፤ እሷም ታውቃለች፤ ስለዚህም ነው እንዲህ የለመነችው።

የቀዩን ረጅም ወንበር አየው። ከዚያ የሚስቱን እጅ አየ። መዳፏ ላይ የሞተሩ ብረት ቀይ ሰንበር ጥሎበታል።

“እኔ ስወድቅ አንቺ ታነሺኛለሽ” አላት። “አንቺ ስትወድቂ ማን ያነሳሻል?”

እንባዋ መጣ፤ በጃኬቷ እጅጌ ጠረገችው፤ ደግሞ መጣ፤ ተወችው።

ሻጩ ስልኩን ኪሱ እየከተተ ሲመለስ ንፋስ ድምፁን ጠረገ።

“ግራጫውን እንወስዳለን። መስታወቱን አጥብቀው። የኋላ ወንበሩ በአራት ቡሎን ነው አይደል የተያዘው? እሱን አውርድና የዕቃ መጫኛ ግጠምለት። ሰፋ ያለውን።”

“ይኸውልህ፣ አሁን ንፋስ ተመለሰ” አለ ሻጩ ደስ ብሎት። “ሰኞ ጠዋት ሳይከፈት ብትመጡ ሠራተኛዬ…”

“ሰኞ ሥራ ናት። አሁን ቡሎኖቹን አላላቸውና መፍቻውን ለእኔ ስጠኝ።”

ሻጩ ሴትየዋን አያት፤ እሷ ባሏን አየች። ግራጫው ሞተር እየተገፋ ከንፋስ ወንበር ፊት ቆመ። ሻጩ አራቱንም ቡሎኖች አንድ አንድ ዙር አላላና መፍቻውን አቀበለው። ንፋስ ከዘራውን መሬት ላይ አስተኛ። በግራ እጁ ቀኙን ደግፎ መፍቻውን ቡሎኑ ላይ ለማስገባት ሞከረ፤ ሳተ። ደግሞ ሞከረ። በአራተኛው ገባለት። ትንሽ ዞረ። ከዚያ መፍቻው ሾልኮ ጭኑ ላይ ወደቀ።

ሻጩ ሊያነሳለት ጎንበስ አለ።

“ተወው” አለችው ሴትየዋ። የእሷም እጅ ሄዶ ነበር፤ ከመንገድ መልሳ ሁለቱንም እጆቿን የጃኬቷ ኪስ ውስጥ ከተተች። “ራሱ ይፍታው። አንቸኩልም።”