ለሦስት ቀን የመጣችው ዶሮ

ዘነቡ ዶሮዋን በዘንቢል ይዛ የመኩሪያን በር ስታንኳኳ ሰውዬው ቴሌቪዥን ከፍቶ፣ ድምፁን አጥፍቶ፣ የሰዎቹን አፍ እያየ ነበር። ጡረታ ከወጣ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ሚስቱ ከሞተች ስድስት። በዚህ ሁሉ ጊዜ ላፍቶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጥቶ በሩን ያንኳኳ ቢኖር ቆጣሪ አንባቢውና አንድ ቤት የተሳሳተ ሰው ብቻ ነው። የተሳሳተውንም ሻይ ሳትጠጣ አትሄድም ብሎ በር ሊዘጋበት ምንም አልቀረው።

«ጋሽ መኩሪያ፣ ላስቸግርዎት ነው» አለች ዘነቡ። ከሕንፃው ጀርባ ባለው ግቢዋ ዶሮ የምታረባ ሴት ናት፤ እሱም እንቁላል ሲገዛት ነው የሚያውቃት። «ይቺ እብድ ታቅፋብኛለች። እንቁላሉን ሁሉ ከሥሯ ወሰድኩባት፣ ባዶ ጭድ ታቅፋ ቁጭ! መጣልም አቆመች። ባለፈው እሺ ብዬ ባስታቅፋት ዘጠኝ ፈለፈለች፤ ዘጠኙም አውራ ዶሮ። አንዲት ሴት እንኳ ለምልክት የለችም። ዘንድሮስ በቃኝ።»

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?»

«ምንም። ሰው ቤት ሦስት ቀን ካደረች ማቀፏን ትረሳዋለች። እኛ አገር እንዲህ ነው የሚደረገው። አፍንጫዋን በላባ የሚወጉም አሉ፣ እኔ አንጀቴ አይችልም። በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እየመጣሁ አያታለሁ፤ ስትረሳ እወስዳታለሁ።»

መኩሪያ ከዚህ ሁሉ ንግግር የሰማው «በየቀኑ እየመጣሁ» የሚለውን ብቻ ነው።

ዶሮዋ ቤቱን ዞር ዞር ብላ አየችና የመኩሪያን የግራ እግር ጫማ መርጣ፣ ላባዋን ነፍታ ተቀመጠችበት። ሰውዬው ሁለት ቀን ሙሉ በነጠላ ጫማ ዋለ። ሐሙስ ዘነቡ መጣች፤ ሻይ ጠጣች፤ ስለ ዘጠኙ አውራ ዶሮዎች አወራች። ስምንቱን ሸጣ አንዱን አስቀርታለች፤ እሱም ሰነፍ ነው፣ የሚጮኸው ሰው ሁሉ ሥራ ከሄደ በኋላ ነው። መኩሪያ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ስትሄድ የጠጣችበትን ብርጭቆ ማጠብ አሳዝኖት እንዲሁ አሳደረው። ዓርብም መጣች።

ቅዳሜ ቀትር ላይ ግን ጉድ ፈላ። ዶሮዋ ተነሳች። ላባዋን አራገፈች፣ ጥሬዋን ለቃቀመች፣ በረንዳ ወጥታ የአበባው አፈር ላይ ተንከባለለች። ወደ ጫማው ዞር ብላም አላየች። ረሳች።

መኩሪያ ክው አለ። «ምን ነካሽ አንቺ? ገና ሦስት ቀንሽ እኮ ነው!» ብሎ ተቆጣት። ጫማውን አንስቶ ፊቷ አደረገላት፤ ወይ ፍንክች! ምናልባት አንሷት ይሆናል ብሎ የቀኙንም ጨመረላት። ሰዓቱን ሲያይ ዘጠኝ ተኩል ሆኗል። እንግዲህ ይሄ ሠላሳ ዓመት መሥሪያ ቤት ዕቅድ ክፍል ተቀምጦ አንድም ቀን በሐሰት ያልፈረመ ሰውዬ፣ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወርዶ ዙሌካ ሱቅ ገባና «ስድስት እንቁላል! ቶሎ በይ!» አለ። ዙሌካ ድንገተኛ እንግዳ የመጣበት መስሏት ዘይትም ትፈልጋለህ ወይ ብላ ጠየቀችው።

እንቁላሎቹን በካርቶን አድርጎ አስቀመጠላት። ዶሮዋ አንዴ አየች፣ ሁለቴ አየች፣ ከዚያ ዕዳዋ ሆኖባት ሄዳ ተቀመጠችባቸው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መኩሪያ ራሱን በሐዘን እየነቀነቀ በሩን ከፈተ።

«አልረሳችም?» አለች ዘነቡ።

«ምን ትረሳለች! ጭራሽ ብሶባታል።» ፊቱ እንዳይስቅበት የታገለውን ትግል እሱ ብቻ ነው የሚያውቀው። ዘነቡ እጇን ወደ ካርቶኑ ስትሰድ «ኧረ አይንኳት፣ ትነክሳለች!» ብሎ ጮኸ። ዘነቡ ዕድሜ ልኳን ዶሮ ነክሷት አያውቅም፤ ግን እጇን ሰበሰበችና ሻይዋን ጠጣች።

ሦስቱ ቀን ሁለት ሳምንት ሆነ። ዘነቡ ሬዲዮ ይከፈትባት አለች፤ ተከፈተባት። ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ትነከር አለች፤ መኩሪያ እንቁላሎቹን አስቀድሞ ደብቆ ዘነቡ ፊት ነከራት፣ እሷ ስትሄድ በራሱ ፎጣ አድርቆ ይቅርታ እየጠየቀ ወደ ካርቶኗ መለሳት።

ይሄ ሁሉ ሲሆን የብሎኩ ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ዳባ ደንቡን በላስቲክ ከቶ ከተፍ አለ።

«ጋሽ መኩሪያ፣ አንቀጽ ሰባት። በሕንፃው ውስጥ ዶሮ ማርባት ክልክል ነው።»

«ማን አረባ? አንድ ሆና መጣች፣ ዛሬም አንድ ናት። ለሕክምና ነው የመጣችው።»

ዳባ ደንቡን ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት ገለጠ። ስለ ታካሚ ዶሮ የሚል የለም። «እንግዲያው ማስረጃ ያስፈልጋል» አለ። መኩሪያ እዚያው ቁጭ ብሎ ጻፈለት፤ «ታካሚዋ መርሳት ስላልቻለች ለተጨማሪ ክትትል እንድትቆይ ተወስኗል» ብሎ ቀንና ፊርማ አሳረፈበት። ዳባ ማኅተም የለውም ብሎ ትንሽ አንገራገረና ወረቀቱን ላስቲኩ ውስጥ ከቶ ወረደ።

በሦስተኛው ሳምንት ዘነቡ ያንን ሰነፍ አውራ ዶሮ ታቅፋ መጣች። «ልጇ ነው። እሱ ከረበሻት ትነሳለች» አለች።

እውነቷን ነው። ዶሮዋ ልጇን ገና ስታየው ብድግ አለች፤ በጎኑ አልፋ በረንዳ ወጣች፤ አልተመለሰችም። አውራ ዶሮው ስድስቱን እንቁላሎች በአንድ ዓይኑ አየ፤ አንገቱን አዙሮ በሌላው ዓይኑ አየ። ከዚያ ይሄ አናቱ ላይ ቀይ ኩክኒ የደፋ ጎረምሳ እግሩን አጠፈና ተቀመጠባቸው።

ሁለቱም አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ቀድማ የነቃችው ዘነቡ ናት። እጇን ከአውራ ዶሮው ሥር ሰዳ አንዱን እንቁላል አወጣች። ትልቅ፣ ነጭ፣ የፈረንጅ ዶሮ እንቁላል ነው፤ አውራ ዶሮ በዞረበት ያልዞረ፣ መቶ ዓመት ቢታቀፉት ከሽታ በቀር ምንም የማይወጣው።

«ይሄ ከየት መጣ?»

«ጥላው ይሆናላ።»

«የእኔ የሐበሻ ዶሮ? ስድስት የፈረንጅ እንቁላል? ታቅፋ እያለች?»

መኩሪያ ሠላሳ ዓመት ለበላይ አካል ሪፖርት ሲያቀርብ ላልተሳካ ዕቅድ ምክንያት አጥቶ አያውቅም ነበር። አሁን አጣ።

«እኔ ነኝ» አለ። «በሦስተኛው ቀን ረስታ ነበር። ከረሳች ደግሞ እርስዎ አይመጡም ብዬ… ቤቱ ዝም ሲል እፈራለሁ፣ ወይዘሮ ዘነቡ። እርስዎ ሲመጡ ደስ ይለኛል። እውነቱ ይኸው ነው።»

ዘነቡ እንቁላሉን መልሳ አስቀመጠች። ከበረንዳ ዶሮዋን አንስታ ብብቷ ሥር አደረገች። አውራ ዶሮውንም ልታነሳው ስትል እሪ ብሎ እንቁላሎቹ ላይ ተለጠፈ፤ ትታው ወረደች።

መኩሪያ በማግስቱ ምግብ አልበላለት አለ። በሐፍረት ብዛት የበረንዳውን መጋረጃ ዘጋ። ዳባ ደግሞ በዚያው ቀን ይምጣ? «አውራ ዶሮ አስገብተዋል ተብሎ ጥቆማ ደርሶናል፤ ግን ጩኸት የሰማ የለም» አለ።

«ሥራ ላይ ነው» አለ መኩሪያ፣ ለመጣላትም አቅም አጥቶ። ዳባ በበሩ ስንጥቅ አጮልቆ አየ፤ የተቀመጠውን አየ፤ ደንቡን ሳይገልጥ ሄደ።

አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ። አሥራ አንድ ተኩል ሆነ። መኩሪያ ከጠረጴዛው ላይ ሁለተኛውን ብርጭቆ አነሳና ወደ ጓዳ መለሰው። በቃ፣ በገዛ እጄ አበላሸሁት አለ።

በሩ ተንኳኳ።

ዘነቡ ናት። ዘንቢልም አልያዘች። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ግድግዳውን ተደግፋለች።

«አልተነሳም» አለ መኩሪያ፣ ሌላ ሰላምታ ጠፍቶበት። «ግን ሊወስዱት ከሆነ የመጡት፣ በጉልበትም ቢሆን አስነስቼ እሰጥዎታለሁ።»

ዘነቡ አልፋው ገብታ ወንበር ሳበች፤ ተቀምጣ ሁለቱንም ጉልበቶቿን ስታሽ ቆየች።

«ቆይ ግን አንተ ሰውዬ» አለችው፤ እርስዎ ማለቷን ትታ። «በዚህ ጉልበቴ በየቀኑ አራት ፎቅ የምወጣው ለዶሮ ብዬ ይመስልሃል?»