ጠብታ እና የአማቱ ቁጥቋጦ

የሰፈሩን ቧንቧ ሠራተኛ «ጠብታ» ያሉት፣ እሱ የጠገነው ቧንቧ ሁሉ ጠብ ጠብ ማለቱን ስለማይተው ነው። እሱ ግን «ውኃም እንደ ሰው ነው፤ ጨርሰው ካፈኑት ይፈነዳል» እያለ ይከራከራል።

የሚኖረው በአማቱ ቤት ነው። አማቱ እኅታቸውን ሊያስታምሙ ሲሄዱ፣ ሟች ባላቸው ደጃፉ ላይ የተከሉትን ባለአበባ ቁጥቋጦ በጣታቸው አሳዩት።

«ስመለስ ደርቆ ባገኘው ሣጥንህን ተሸክመህ ትወጣለህ።»

ቁጥቋጦው የዋዛ አልነበረም። ዛሬ የከረከሙት ቅርንጫፍ ነገ በመስኮት ገብቶ «ምሳ አልደረሰም?» ይላል። አንዴማ ጠብታ አጥሩ ላይ የረሳውን ቆብ ይዞበት እስከ ጎረቤት ጣሪያ ወጥቷል፤ ያላመነ ጎረቤቱን ይጠይቅ።

አንድ ጠዋት ከሥሩ የተቀበረው ቧንቧ ፈነዳ። ጠብታ ቢቆፍር፣ የቁጥቋጦው ሥር ቧንቧው ላይ እንደ ዘንዶ ተጠምጥሟል። ቆርጦ፣ ጎትቶ፣ ነቃቅሎ ጣለው። ቧንቧውን በላስቲክ ጠቅልሎ አፈር ከመለሰ በኋላ ነው የነቀለው የአማቱን አደራ መሆኑን ልብ ያለው።

ሚስቱ ብቅ አለች። «አንተ ሰውዬ! እማዬ እኮ ነገ ትገባለች!»

«ዝም በይ፣ መላ አለኝ።»

የወደቁትን ቅርንጫፎች እየመረጠ ጭቃው ላይ ሰካካቸው። «ሰንብቶ ሲደርቅ ፀሐይ መታው እላለሁ።»

አማቱ መጡ፤ አዩ፤ ወደ ቤት ገቡ። ጠብታ በየማለዳው ቀበቶውን ሳያስር እየሮጠ ወጥቶ ቁጥቋጦውን ያያል። ቅጠሉ ዘመም ሲል የእሱም ወገብ አብሮ ዘመመ። ሣጥኑን ከአልጋ ሥር አውጥቶ አቧራውን አራገፈ። ቅጠሉ ግን ቀስ በቀስ ቀና አለ፤ ሰንበትበት ብሎም አዲስ እንቡጥ አወጣ።

አንድ ቀን አማቱ ጎንበስ ብለው አንዱን ቅርንጫፍ ሳቡ። ጠብታ ዓይኑን ጨፈነ። ቅርንጫፉ ንቅንቅ አላለም።

«አንተ!»

«አቤት፣ እማማ።»

«አንድ ግንድ ትቼ ሄጄ መንጋ ሆኖ ጠበቀኝ። ደግሞ ዝናብ ሳይጥል ይሄ ጭቃ ከየት መጣ?»

 ሚስቱ ሳቋ አፈናትና ሁሉንም ዘረገፈችው፦ የተነቀለውን፣ የተሰካውን፣ ዛሬም እያንጠባጠበ ቅርንጫፎቹን የሚያጠጣውን ቧንቧ።

 የአማቱ ትከሻ በሳቅ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

«ባሌም እኮ ከሰው አጥር የሰረቀውን ቅርንጫፍ ሰክቶ ነው ያበቀለው። በል፣ ሣጥንህን ወደ ቦታው መልስ። ያን ቧንቧ ግን እንዳትነካብኝ!»

ጠብታ እፎይ አለ። በዚያ ትንፋሽ የቁጥቋጦው አበባ ግማሹ ረገፈ ይባላል፤ በማግስቱ ግን እጥፍ ሆኖ ፈካ።