ድንች ለቃሚው

«ሸጋ ቁመት አለሽ፤ ትሪ ያምርብሻል» አላት እንኳየሁ፣ ገና የቢሮውን በር እንዳለፈች። «የሐበሻ ቀሚስ አለሽ?»

ዝናሽ የመጣችው ስለ አባቷ ልትጠይቅ ነበር። ለሰውዬው ግን በጀግኖች ሽልማት በዓል ላይ ሜዳሊያ በትሪ ከሚያቀርቡት ልጃገረዶች አንዷ መስላዋለች። እንኳየሁ የሽልማት ኮሚቴው ጸሐፊ ነው። ጎንደር ላይ ስለ ጦር ሜዳ በማውራት የሚቀድመው የለም። ከጦር ሜዳ ጋር ያለው ዝምድና ግን የለበሰው ወታደራዊ ካፖርት ብቻ ነው፤ እሱንም የገዛው ከቅዳሜ ገበያ ነው።

«እኔ እንኳ ለትሪው አይደለም» አለች፣ ድምጿ እንደ ልማዷ ከጉሮሮዋ ሳይወጣ። «የአለበል ልጅ ነኝ፤ የድብ ባሕሩ። ከተሸላሚዎቹ ተቀንሷል አሉኝ።»

«አልተቀነሰም፤ መቼ ተደመረና!» ብሎ ሳቀ። «ለመሆኑ እህቴ፣ አባትሽ ማንን ገደለ?»

ዓመት ሙሉ ያንከራተታት ይኸው ጥያቄ ነው። አለበል ካራማራ የዘመተው ፈንጂ አምካኝ ሆኖ ነው። ሌላው ጠመንጃውን ይዞ ከኋላ ሲጠብቅ፣ እሱ በደረቱ እየተሳበ፣ መሬቱን በሳንጃ እየጫረ፣ የተቀበረውን እያወጣ መንገድ ሲከፍት ከረመ። የግራ እጁ ጣቶች እዚያው ቀሩ። አገሩ ሲመለስ ግን በየሠርጉና በየለቅሶው ገዳይ ሲፎክር እሱ ጥግ ይዞ ይቀመጣል። ምን ብሎ ይፎክር? የመንደሩ የድብ ባሕር ሰዎችም «ድንች ለቃሚው» የሚል ስም አወጡለት። ልጁ ከዩኒቨርሲቲ ስትመረቅ እንኳ «የድንች ለቃሚው ልጅ ተመረቀች» ነው የተባለው። አሁን ሳንባው ደክሟል። ዝናሽ አባቷ ከመሞቱ በፊት ያ ስም እንዲነሣለት ትፈልጋለች፤ ሌላ ምንም አትፈልግም። የአገልግሎት ማስረጃውንም፣ የሐኪም ወረቀቱንም አስገብታለች። ኮሚቴው ግን ወረቀት አያምንም። የሚያምነው ፉከራ ነው።

«ሐሙስ ይምጣና ይፎክር» አለ እንኳየሁ። «ጀግና በአፉ ይታወቃል።»

ሐሙስ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። የኮሚቴው አባላት ከረጅሙ ጠረጴዛ ኋላ ተደርድረው፣ የታሸገ ውሃቸውን እየተጎነጩ፣ ለሽልማት የቀረቡትን ሽማግሌዎች እንደ በሬ ደላላ ከእግር እስከ ራስ ይለኳቸዋል። መጀመሪያ የተነሣው ወልደኢየሱስ ነው፤ የድብ ባሕር ሰው፣ የአለበል አብሮ ዘማች። በየዓመት በዓሉ ቤታቸው እየመጣ «አለበል፣ እኔ እኮ የምራመደው በአንተ ጣቶች ነው» እያለ ጠላቸውን የሚጠጣ ሰው ነው።

«ዘራፍ!» ብሎ ሲዘል ወንበር ተገለበጠ። ታንክ በእጁ አቆመ። ምርኮኛ እንደ ፍየል ነዳ፤ ፍየሎቹም ካለፈው ሠርግ ወዲህ በእጥፍ ረብተዋል። ኮሚቴው ቆሞ አጨበጨበ። እንኳየሁ እንባውን ጠረገ።

«አያ አለበል!» ተባለ።

አለበል ተነሥቶ በትሩን ተደገፈ። «ፈንጂ አምካኝ ነበርሁ» አለ።

«እሺ፣ ይፎክሩ!»

«ምን ብዬ ልፎክር? ያነሣሁት ብረት ነው።»

«ማንን ገደሉ ታዲያ?»

«ማንንም።»

አንዱን የኮሚቴ አባል ውሃው ትን አለው። «ምነው አያ፣ እዚያ ድረስ ምን ሊሠሩ ሄዱ?» ሲል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ዝናሽ ወደ ወልደኢየሱስ ዞረች። ወልደኢየሱስ ጣሪያውን ያያል። ጣሪያው ላይ ምንም የለም።

«በሚቀጥለው ዙር እናየዋለን» አለ እንኳየሁ። ወዲያው ወደ እሷ ጠጋ ብሎ፣ «ያቺ የትሪዋ ነገርስ? አንዲት ልጅ ቀርታብናለች» አላት።

አለበል ቀና ብሎ ልጁን አየ።

«እሺ» አለች ዝናሽ። ዓይኗ ግን ወልደኢየሱስ ላይ ነበር።

በበዓሉ ቀን፣ በከተማው ሜዳ፣ ቀሚሷን ለብሳ ትሪውን ያዘች። አባቷን ለምና አምጥታ ከኋላ ረድፍ አስቀምጣዋለች። ንግግሩ ረዘመ። ስለ ደም አብዝተው የተናገሩት አፍንጫቸው እንኳ ነስሮ የማያውቅ ናቸው።

የወልደኢየሱስ ስም ሲጠራ ቀረበች። ማይክሮፎኑ ለፉከራው ተብሎ አፉ ሥር ተደቅኗል። ትሪውን አልዘረጋችለትም።

«አያ ወልደኢየሱስ» አለች። ያ ከጉሮሮዋ የማይወጣው ድምጿ በድምፅ ማጉያው ሜዳውን ሞላው። «ፈንጂው ያለበትን ሲያልፉ ከፊትዎ የነበረው ማነው?»

ከኋላ ረድፍ አለበል ሲያስል ተሰማ።

«አለበል ነው» አለ ወልደኢየሱስ። «እሱ ደረቱን ባሳለፈበት ነው ያለፍነ። የሻምበል ጦራችን በሙሉ።»

ሕዝቡ የፉከራው መግቢያ መስሎት አጨበጨበ፤ እልልታም ቀለጠ። እንኳየሁ ፈጠን ብሎ ሜዳሊያውን ከትሪው አነሣና ወልደኢየሱስ ደረት ላይ ሰካው። ወልደኢየሱስ አልከለከለውም።

ዝናሽ ትሪውን መድረኩ ላይ አስቀምጣ ወረደች። በእሷ ትሪ የቀሩትን ሜዳሊያዎች እንኳየሁ ራሱ፣ በካፖርቱ ውስጥ እያላበው፣ ትሪ ተሸክሞ አደለ። አባትና ልጅ የድብ ባሕርን መኪና ያዙ።

ለአለበል እስካሁን ሜዳሊያ አልተሰጠውም። በጥር፣ ድብ ባሕር ላይ በአንድ ሠርግ ወልደኢየሱስ «ዘራፍ!» ብሎ ሲነሣ፣ ከዳሱ ጥግ አንድ ጎረምሳ «አያ፣ ከፊትዎ ማን ነበር?» አለው። ወልደኢየሱስ ተመልሶ ተቀመጠ።