ከባድ ምክንያት

አሰጋሽ ቃሊቲ ያለው ፍርድ ቤት የገባችው ፌስታሏን በሁለት እጇ አቅፋ ነው። ሌላዋ ሴት ዕቃ ታጠራቅማለች፤ እሷ ሃያ ምናምን ዓመት የባሏን የአሻግሬን ጥፋት አጠራቀመች። የጤና ጣቢያ ካርድ አለ፣ ደም የነካው ነጠላ አለ፣ በመሐረብ የተቋጠረ ጥርስም አለ። ዘንድሮ ጥርሷ ሲወልቅ ነው "አሁንስ ሞላ" ብላ የከሰሰችው።

ይህን ያስተማሯት መንዝ ያሉ ዘመዶቿ ናቸው። ገና ሙሽራ ሳለች ተደብድባ የቤተ ዘመድ ዳኞች ፊት ብትቀርብ፣ "በጥፊ ትዳር አይፈርስም፤ ከባድ ምክንያት አምጪ፣ ያለዚያ ባዶ እጅሽን ትወጫለሽ" ብለው መለሷት። የዚያን ጊዜው የአገሯ ሕግም ከእነሱ ጋር ነበር። ባሏ አቃቂ ብረታ ብረት ፋብሪካ ሲቀጠር ይህንኑ ቃል ይዛ መጣች። የትዳር ሕግ ከክልል ክልል እንደሚለያይ ማን ነግሯት! ደግሞስ ማንን ትጠይቅ? ገመና ነው፣ ሆድ ይፍጀው።

ልጇ እድላዊት ግን ከአሥር ዓመቷ ጀምሮ "እማ፣ እንውጣ" ትላት ነበር።

"ማስረጃው ይሙላ እንጂ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።"

ልጅቷ ጠብቃ ጠብቃ በአሥራ ሰባት ዓመቷ ከደላላ ጋር ቤሩት ሄደች። "ከሱ የተለያየሽ ዕለት ደውዪልኝ፣ እመጣለሁ" ብላ ነበር። ስልኳ ከተዘጋ እነሆ ሦስት ዓመቱ። አሰጋሽ ግን ፍቺው ከተገኘ ልጄ እንደምንም ትሰማለች ብላ ታምናለች።

ስሟ ሲጠራ ተነሥታ መሐረቡን መፍታት ጀመረች። አሻግሬ ወዲያ ማዶ ቆሞ ጫማውን ያያል።

"ይተዉት፣ ወይዘሮ አሰጋሽ" አሏት ዳኛዋ። "እዚህ የሚሠራው ሕግ ለፍቺ ምክንያት አይጠይቅም። መፋታት እፈልጋለሁ ማለትዎ ይበቃል።"

"ከመቼ ወዲህ?"

"ከ1992 ጀምሮ።"

እሷ አቃቂ የገባችው በ1996 ነው። የመጣች ዕለት መሄድ ትችል ነበር፤ እድላዊትን አዝላ፣ ጥርሷን ይዛ። የአገሯን ሽማግሌዎች ልትረግም ፈለገች፣ ግን ልጇን "ቆይ" እያለች ያቆየችው እሷው ራሷ ነች።

ዳኛዋ ቅጹን ገለጡ። "ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ አለዎት?"

"ነበረችኝ" አለች አሰጋሽ።

ዳኛዋ "የለም" ብለው ጻፉ።