አሥራ ሁለተኛው ሯጭ

በአርባ አንድ ዓመቴ ስፖርት ሳይንስ ለመማር ዩኒቨርሲቲ የገባሁት ሥጋ ለነፍስ መታዘዝ እንዳለበት በሳይንስ ለማረጋገጥ ነበር። ከዚያ በፊት በስፋክስ ከተማ ለአሥራ ስድስት ዓመታት ሰዋስው አስተምሬአለሁ። ስኳር አልቀምስም፤ ሊፍት አልሳፈርም፤ የሚያማርር ሰው አልታገሥም። የክፍል ጓደኞቼን በዕድሜ ልወልዳቸው እችል ስለ ነበር ሳይጠይቁኝ እመክራቸው ነበር፤ ዝም የሚሉትም ተገሥጸው ይመስለኝ ነበር።

ሱንዱስ የምትባለው የክፍል ጓደኛዬ የመመረቂያ ጥናቷን የሠራችው የረመዳን ጾም በሯጭ ጉልበት ላይ ስላለው ተጽዕኖ ነው። መምህራችን አሥራ ሁለት ጿሚ ሯጮችን እንድትመረምር አዘዋት ነበር፤ አንድ ቢጎድል በዚያ ዓመት አትመረቅም። አሥራ ሁለተኛው ቁርጭምጭሚቱ ወለም ብሎት ቀረባት።

«አጎቴ፣ እርስዎ ይጾማሉ፤ ጠዋት ጠዋትም ሲሮጡ አያለሁ። እባክዎ ይድረሱልኝ» አለችኝ።

የአራት መቶ ሜትር ሯጩ የክፍላችን ልጅ ዋጅዲ ሳቀ። «ኧረ ተይ ሱንዱስ! የመሮጫ ማሽኑ ላይ ወጥተው እንደ ጁምዓ ኹጥባ ሊሰብኩሽ ነው!»

«አንተ ከቀትር በኋላ ግድግዳ ተደግፈህ ስታቃስት ነው የምትውለው» አልኩት። «ጾም ማቃሰት ነው እንዴ? ዛሬ ቆመህ ተማር።»

ማሽኑ ላይ ስወጣ ሱንዱስ የትንፋሽ መለኪያውን ጭንብል አጠለቀችልኝ፤ ደረቴ ላይም የልብ ምት የሚቆጥር ቀበቶ አሰረች። ከስድስት እስከ ሃያ የተጻፈበትን ሰሌዳ ከፊቴ ያዘች። ሯጩ በየሦስት ደቂቃው የድካሙን ልክ በጣቱ ያመለክታል፤ ስድስት ዕረፍት ነው፣ ዘጠኝ «በጣም ቀላል»፣ ሃያ ደግሞ የመጨረሻው አቅም።

በሦስተኛው ደቂቃ ዘጠኝን አመለከትኩ። በስድስተኛውም ዘጠኝን። በዘጠነኛው ደቂቃ ዓይኔ ቢጨልምም ጣቴ መንገዱን ለምዶ ነበርና ዘጠኝን አገኘ።

«አጎቴ፣ ልብዎ መቶ ሰማንያ ስድስት እየመታ ነው» አለች። «እውነት ዘጠኝ ነው?»

በኩራት ራሴን ነቀነቅኩ። ቀጥሎ የማስታውሰው ከማሽኑ ኋላ በተነጠፈው ፍራሽ ላይ ተንጋልዬ፣ ጣቴ በአየር ላይ ዘጠኝን ሲፈልግ ነው።

«ልክ ናቸው» አለ ዋጅዲ። «አወዳደቃቸውም በጣም ቀላል ነበር።»

ሱንዱስ ግን አልሳቀችም። ወረቀቷን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። «ይሄን ከመዘገብኩ ጥናቴ ውሸት ሆነ። ካልመዘገብኩ ደግሞ አሥራ አንድ ብቻ ነው ያለኝ። ስንት ነበር አጎቴ?»

ማማረር የጾምን ዋጋ ያሳንሳል ብዬ ስንቱን አሳፍሬአለሁ። ሐሰት ጾሙን ምን እንደሚያደርገው ግን ከእኔ በላይ የሰበከ አልነበረም፤ ሰባኪው ደግሞ ጉሮሮው ደርቆ፣ በአንዲት ጣት ሦስት ጊዜ ዋሽቶ፣ ፍራሽ ላይ ተጋድሟል።

«ከስድስተኛው ደቂቃ ጀምሮ አሥራ ዘጠኝ ነበር» አልኩ።

«ከስድስተኛው?» አለ ዋጅዲ። «ያ እኮ ማሟሟቂያው ነው!»

ካለፈ በኋላ የተነገረ ቁጥር ስለማይመዘገብ ከሦስት ቀን በኋላ እንደ ገና ሮጥኩ። በሦስተኛው ደቂቃ አሥራ አራትን፣ በስድስተኛው አሥራ ዘጠኝን አመለከትኩ። ሰባተኛው ሳይሞላ ሃያን በጣቴ መታሁና ማሽኑ እንዲቆም እጄን አነሣሁ።

ከኢድ በኋላ ሱንዱስ ጥናቷን በገምጋሚዎች ፊት አቀረበች። በግድግዳው ላይ በበራው፣ እያንዳንዱ ሯጭ ምን ያህል እንደ ቆየ በሚያሳየው ሥዕል አሥራ አንዱ ነጥቦች ከላይ ተሰብስበዋል፤ አንዱ ብቻውን ከታች ወድቋል።

«ይሄ ሰውዬ ታሞ ነበር እንዴ?» አሉ ዋናው ገምጋሚ።

«አልታመሙም፤ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ነው። ቁጥሩ ግን ትክክል ነው» አለች ሱንዱስ።

«በምን አወቅሽ? ሰንፎብሽ ቢሆንስ? ይሄ ካልተረጋገጠ አሥራ አንድ ነው የምቆጥርልሽ።»

ሱንዱስ ወደ እኔ ዞረች። ከመጨረሻው ወንበር ተነሣሁ።

«ሰውዬው እኔ ነኝ» አልኩ። «አልሰነፍኩም። አቅሜ ያው ነው።»

ገምጋሚው መነጽራቸውን አስተካክለው ከእግሬ እስከ ራሴ ተመለከቱኝ። «በቂ ነው» አሉና ሌላ ማስረጃ ሳይጠይቁ ወረቀቷ ላይ ፈረሙ።