የዓርብ ዝርዝር

ክሊኒኩ ውስጥ አሥራ አራት ሠራተኞች ነበሩ። አሥራ አራቱም የታካሚዎችን ዳታቤዝ የሚከፍቱት በአንድ ስምና በአንድ የይለፍ ቃል ነበር። የይለፍ ቃሉ ከአንድ እስከ ስድስት ያሉት ቁጥሮች ናቸው፤ ያውም በቅደም ተከተል። ይህም ከብዷቸው እንዳይረሱት ጽፈው የካርድ ክፍሉ ኮምፒውተር ግንባር ላይ በፕላስተር ለጥፈውታል። ዳታቤዙን እንድጠብቅ ተቀጥሬ የገባሁ ቀን ይህን አየሁና ከእነዚህ ሰዎች ጋር መዋሌን ሳስበው አንገሸገሸኝ።

«ምን ችግር አለው?» አሉኝ ሥራ አስኪያጁ። «እኛ እዚህ ቤተሰብ ነን።»

ቤተሰብ! የጽዳት ሠራተኛዋ ካሰኛት የማን ሽንት ውስጥ ምን እንደተገኘ ታነባለች። ፋርማሲስቱ ሐኪሙ የጻፈውን ሰርዞ የራሱን መጻፍ ይችላል። አንድ ነገር ቢጠፋ መዝገቡ የሚያውቀው ሁሉም የሚገቡበትን ያንኑ አንድ ስም ነው። እንዲህ ያለው ቤተሰብ ቢበተን ይሻለዋል።

በተንኩት። ለእያንዳንዱ የራሱን መግቢያ ሰጠሁት። ካርድ ክፍል ስምና የቀጠሮ ቀን፣ ፋርማሲው መድኃኒት ብቻ እንዲያይ አደረግኩ። አድራሻ የሚታያት ቤት ለቤት እየሄደች ቁስል የምታጥበው ነርስ ብቻ ሆነች። የፍለጋው ሳጥን ውስጥ ተንኮለኛ ሰው በስም ፋንታ አንዲት የትእዛዝ መስመር ቢጽፍ የታካሚዎቹን ሠንጠረዥ በሙሉ ይዘከዝክለት ነበር፤ እሱንም ደፈንኩት። ከዚያ ሁሉንም ሰብስቤ «የይለፍ ቃል ለሰው አይሰጥም» እያልኩ ሁለት ሰዓት አስተማርኩ። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ። በማግስቱ ፋርማሲስቱ የራሱን የይለፍ ቃል ለላቦራቶሪው ልጅ በስልክ፣ ጮክ ብሎ፣ በታካሚ ፊት ሲነግር ሰማሁት።

ከሁሉም የምትብሰኝ የካርድ ክፍሏ ሴት ነበረች። በሆዴ ሬዲዮ እላታለሁ፤ ማጥፊያ ስለሌላት። የገባውን ሁሉ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ጉልበቱ፣ ስለ አከራዩ ሳትጠይቅ ካርድ አትሰጥም። ምሥጢር እሷ ሆድ ውስጥ አንድ ቀን ያድራል ብዬ አላምንም ነበር።

በዚያው ሰሞን ታናሽ እህቴ ከባሏ ቤት ወጣች። ባሏ ያቆሰለው ክንዷ ላይ እኛው ክሊኒክ አሥራ አንድ ቦታ ተሰፍታ ነበር። ከተማው ዳር አንዲት ክፍል ተከራይታ ተደበቀች። ነርሷ ቁስሉን ቤቷ ሄዳ እንድታጥብላት አድራሻ መመዝገብ ነበረባት። እህቴ የውሸት ልትሰጥ ፈለገች።

«እትዬ፣ ካገኘኝ ይገድለኛል» አለችኝ። ድምፅዋ እንኳ ከፍ አላለም።

«ትክክለኛውን ስጪ» አልኳት። «እኔ በምጠብቀው ዳታቤዝ ዝንብ አታልፍም።»

አመነችኝና ሰጠች።

እኔ ግን መቆለፍ ብቻውን አልበቃኝም። ማን፣ መቼ፣ የማንን ፋይል እንደከፈተ የሚመዘግብ ሠንጠረዥ ሠራሁ። ይህም አልበቃኝም፤ እንዲያፍሩ ፈለግኩ። ስለዚህ በየዓርቡ ዝርዝሩን አትሜ፣ ያላማረኝን መስመር በቀይ እስክሪብቶ አስምሬ ኮሪደሩ ላይ ባለው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እለጥፍ ጀመር። ፋርማሲስቱ የጎረቤቱን መድኃኒት ሦስት ጊዜ አይቶ ኖሮ፣ ከስሙ ሥር ቀይ መስመር ሲያይ ፊቱ በርበሬ መሰለ። እውነቱን ለመናገር በጣም ደስ አለኝ።

«እህቴ፣ ይሄን ነገር እዚህ ባትለጥፊው» አለችኝ ሬዲዮ። «ታካሚ ያልፍበታል እኮ።»

«የሚያፍር አይክፈት!» አልኳት። ዳታቤዝ ጥበቃን ከእሷ ልማር!

አንድ ሐሙስ ጠዋት እህቴ ደወለች። ባሏ መጥቶ በሩን በእርግጫ ሰብሮታል። ጎረቤቶች ባይደርሱላት አልቆላት ነበር። እሱ አምልጧል፤ እሷ የጎረቤት ጓዳ ውስጥ ሆና ነው የምታወራኝ።

ስልኩን ዘግቼ ወደ ካርድ ክፍል በረርኩ። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እየሰማ ጮህኩባት።

«አንቺ ነሽ! ያ አፍሽ እህቴን ሊያስገድላት ነበር!»

ሬዲዮ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ባሏ መጥቶ ነበር» አለች። «በዚህ ሳምንት ሦስት ጊዜ። ባሏ ነኝ፣ የት እንዳለች ንገሪኝ አለኝ። አድራሻ እኔ አላይም፤ ባይስ እነግረው ነበር? እናቴን ሳይቀር ሰድቦኝ ወጣ። ትናንት ግን ቶሎ አልሄደም። እዚያ ቆሞ ሲያነብ ነበር።»

በእጇ ያሳየችኝ ሰሌዳውን ነው።

ሄጄ አነበብኩት። እስከዚያ ቀን የማየው የሠራተኞቹን ስም ብቻ ነበር። ዝርዝሩን ሳወጣ ከታካሚው መዝገብ የሚያስፈልገኝን ለይቼ አላዘዝኩም፤ ሁሉም ዓምድ ይምጣ ብያለሁ። ሁሉም መጥቷል። ነርሷ፣ ያለፈው ሳምንት ማክሰኞ፣ ሦስት ሰዓት፤ የእህቴ ስም፣ ስልኳ፣ ሰፈሯ፣ የቤት ቁጥሯ። ነርሷ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ስለከፈተችው ከሥሩ በቀይ አስምሬበታለሁ።

ይህን ስህተት ከአሥራ አራቱ አንዳቸው ሠርተውት ቢሆን ኖሮ ደንቆሮ ብዬ ለወር እስቅበት ነበር። ወረቀቱን ቀደድኩት። ወረፋው ላይ ያሉት ሁሉ ያዩኛል። ራሴን ተጸየፍኩት።

እህቴ በዚያው ቀን ቤት ቀየረች። ክፍሉን የፈለገችላት፣ ዕቃዋን ያጓጓዘችላት ሬዲዮ ናት። ከሥራ አስፈቅዳ ሄዳ ማለት ነው፤ እኔ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ስለ ዝርዝሩ መልስ እየሰጠሁ ሳለሁ። ባሏ እስካሁን አልተያዘም። እህቴ አልፎ አልፎ ትደውልልኛለች። «ደህና ነኝ» ትላለች። የት ነሽ ስላት ስለ ጤናዬ ትጠይቀኛለች።

ሦስት ሳምንት ታገሥኩና ካርድ ክፍል ሄድኩ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ለመንኳት።

«ሰፈሩን ብቻ ንገሪኝ። እህቷ እኮ ነኝ።»

«እሱም ባሏ ነኝ ነው ያለኝ» አለችና ቀጣዩን ታካሚ ጠራች።